ስለ ቆጵሮስ ንጉሥ ስለ ጴጥሮስና ስለ ሉዚኛን ነገሥታት ታሪክ

ከሲቀላ ወርዶ በዓባያ ሐይቅ ላይ በታንኳ የሚሄድ ሰው በውሃው መካከል ደሴቶችን ያገኛል፤ ጊዲቾ በምትባለውም ደሴት ላይ ሰዎች ይኖራሉ። ስለዚህ ደሴት ማለት ምን እንደ ሆነ የዚህ አገር ልጅ ከመጽሐፍ ብቻ ሊማረው አያስፈልገውም። ደሴት ዙሪያዋን ውሃ የከበባት ምድር ናት። ውሃው እንደ ቅጥር ሆኖ ከጠላት ይጠብቃታል፤ ዳግመኛም እንደ መንገድ ሆኖ ባዕድን ያመጣባታል። ዛሬ የምንተርከው ታሪክ በእንዲህ ያለች፥ ነገር ግን እጅግ ታላቅ በሆነች ደሴት ላይ ስለ ነገሡ ሰዎች ነው። ታሪኩ የሩቅ አገር ይምሰል እንጂ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የሚነካ ነገር አለበት፤ ስለዚህ መምህራንም መጽሐፍ የሚያነቡ ሽማግሎችም ቢያውቁት ይጠቅማል። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፥ በኛ አቆጣጠር ካልተባለ በቀር፥ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ደሴቲቱ

ቆጵሮስ በሜዲቴራኒያን ባሕር በምሥራቁ ወገን ያለች ደሴት ናት። በስተ ሰሜን የቱርክ አገር፥ በስተ ምሥራቅ ሶርያና ሊባኖስ፥ በስተ ደቡብ ግብጽ ይገኛሉ። ስፋቷ 9,251 ካሬ ኪሎሜትር ነው፤ ይኸውም የዓባያን ሐይቅ ስምንት ጊዜ ያህል ይሆናል። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ስሟን ያውቃል፤ በርናባስ ትውልዱ ከቆጵሮስ ነበረና፥ ጳውሎስም ከርሱ ጋራ ሄዶ በዚያ አስተምሯልና። ከጥንት ዠምሮ መዳብ ይወጣባት ስለ ነበረ ሮማውያን መዳብን በደሴቲቱ ስም ጠሩት። በኋላም በመካከለኛው ዘመን ሸንኰራ አገዳ እየተተከለ ስኳር ይሠራባት፥ ከወይኗም ጠጅ ይጠመቅ፥ በባሕሯም ዳር ጨው ይሰበሰብ ነበር። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ሀብቷ አቀማመጧ ነው። ከአውሮፓ ወደ ሶርያና ወደ ግብጽ የሚመላለስ መርከብ በርሷ አጠገብ ያልፋልና።

የሉዚኛን ወገን እንዴት እንደ ነገሠ

የአውሮፓ ክርስቲያኖች ኢየሩሳሌምን ለመያዝ ያደረጉት ዘመቻ የመስቀል ጦርነት ይባላል። በ1099 ከተማይቱን ያዙ፥ በዚያም የራሳቸውን ንጉሥ አነገሡ። በ1187 ግን ሳላህዲን የኢየሩሳሌምን ንጉሥ ጊ ደ ሉዚኛንን ድል አድርጎ ማረከው፤ ከተማይቱንም ወሰደ። ይህ ጊ የተወለደው በፈረንሳይ አገር ሉዚኛን በምትባል ስፍራ ከነበሩ መኳንንት ወገን ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1191 የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ፥ ልበ አንበሳ የተባለው፥ ወደ ኢየሩሳሌም ሲዘምት በመንገዱ ላይ ቆጵሮስን ከገዥዋ ከይስሐቅ ኮምኔኖስ ነጠቀ። እርሱም ደሴቲቱን ሊገዛት አላሰበም፤ ቴምፕላር ለተባሉ ወታደሮች መነኮሳት በመቶ ሺህ ወርቅ ሸጣት። እነዚህም ሕዝቡን ስላስጨነቁት ሕዝቡ ዐመፀ፤ ገንዘቡንም ሁሉ ሳይከፍሉ ደሴቲቱን መለሱ። በዚያን ጊዜ በ1192 መንግሥቱን ያጣው ጊ ደ ሉዚኛን ገዛት። እንግዴህ ቆጵሮስ በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሸጠች፤ ሕዝቧ ግን አንድ ጊዜም አልተጠየቀም።

ጊ በ1194 ሞተና ወንድሙ ኤሜሪ ተተካ፤ በ1197ም የንጉሥነት ዘውድ ደፋ። ከዚያ ወዲያ የሉዚኛን ወገን ሦስት መቶ ዓመት ያህል በቆጵሮስ ነገሠ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረንሳይኛ የሚናገሩ፥ በሃይማኖታቸውም የሮም ተከታዮች ነበሩ። ሕዝቡ ግን በግሪክ ቋንቋ የሚናገር ኦርቶዶክሳዊ ነበረ። በ1260 የሮም ሊቀ ጳጳሳት ባወጣው ትእዛዝ የግሪክ ጳጳሳት ከሮም ጳጳሳት በታች እንዲሆኑ ተደረገ፤ ይህም በገዥና በተገዥ መካከል ቂም አኖረ።

ይሁን እንጂ ንጉሡ እንደ ወደደ የሚያደርግ አልነበረም። መኳንንቱ የሚሰበሰቡበት ታላቅ ሸንጎ ነበረ፤ በሕጋቸውም ንጉሥ አንዱን መኰንን ያለ ሸንጎው ፍርድ ሊያስረው ወይም ርስቱን ሊወስድበት አይገባውም ነበር። ይህን ነገር የጋሞ ሽማግሎች በቶሎ ያስተውሉታል። በዱቡሻ ተሰብስቦ ሳይመከርና ሳይደማመጡ ነገር እንደማይቈረጥ፥ ሐላቃውም ከጉባኤው በላይ እንዳይደለ ከአባቶቻቸው ተምረዋልና። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በቆጵሮስ ሸንጎ የሚናገሩት መኳንንት ብቻ ነበሩ፥ ገበሬው ግን በዚያ ቃል አልነበረውም።

በ1291 መስቀለኞቹ በፍልስጥኤም ዳርቻ ይዘዋት የነበረችው ታላቂቱ ከተማ አካ በግብጽ መምሉኮች እጅ ወደቀች። ከዚያ የሸሹት ነጋዴዎችና መኳንንት ወደ ቆጵሮስ መጡ፤ ፋማጉስታ የምትባለው ወደቧም እጅግ በለጸገች። የቆጵሮስ ነገሥታት በኒቆስያ የቆጵሮስን ዘውድ፥ በፋማጉስታ ደግሞ የኢየሩሳሌምን ዘውድ ይደፉ ነበር። ኢየሩሳሌምን ግን አልያዟትም። አንድ ሰው በእጁ የሌለውን አገር ዘውድ በራሱ ላይ ሲያኖር ዘውዱ ዕረፍት አይሰጠውም፤ የጴጥሮስም ነገር እንዲሁ ሆነ።

የንጉሥ ጴጥሮስ መነሣት

ቀዳማዊ ጴጥሮስ በ1328 ተወለደ። አባቱ አራተኛው ሁጎ ሰላምና ንግድ የሚወድ ንጉሥ ነበረ፤ ገና በሕይወቱ ሳለ በ1358 ልጁን አነገሠው፥ በሚከተለውም ዓመት ሞተ። ጴጥሮስ ግን አሳቡ ሁሉ በጦርነት ላይ ነበረ። በ1361 በትንሹ እስያ ዳርቻ ያለችውን አንታልያን ያዘ። ከዚህም በኋላ ለታላቅ ዘመቻ ሰውና ገንዘብ ለመለመን በ1362 ወደ አውሮፓ ተሻገረ። በአቪኞን ከሮም ሊቀ ጳጳሳት፥ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ከነገሥታቱ ጋራ ተገናኘ፤ በ1364ም እስከ ፖሎኝ ከተማ እስከ ክራኮው ደረሰ። በየደረሰበት ግብርና ጨዋታ ተደረገለት፥ ብዙም ተመሰገነ፤ ወታደር የሰጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። ጸሓፊ ትእዛዙ ፊልጶስ ደ ሜዝዬር የሚባል ፈረንሳዊ ነበረ፤ ይህም ሰው ዕድሜውን ሁሉ ስለ መስቀል ጦርነት ሲጽፍና ሲሰብክ ኖረ።

ጴጥሮስ በ1365 ከቬኔዝያ ተነሥቶ በሮዶስ ደሴት ሠራዊቱን ሰበሰበ። መርከቦቹ 165 ያህል ነበሩ። ወዴት እንደሚሄዱ ግን ምስጢሩ ለጥቂቶች በቀር አልተገለጠም። መርከቦቹ ከባሕር ዳር ከራቁ በኋላ ወደ ግብጽ ወደብ ወደ እስክንድርያ እንዲዞሩ ታዘዘ። ንጉሡ ስለ ምን እስክንድርያን እንደ መረጠ የታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ እስክንድርያን ይዞ በኢየሩሳሌም ሊለውጣት አስቦ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የፋማጉስታን ንግድ የምትሻማውን ከተማ ሊያደክም ፈልጎ ነው ይላሉ። ሁለቱም አሳብ በአንድ ልብ ውስጥ አብሮ ሊኖር ይችላል።

የእስክንድርያ መውደቅ

በዚያን ዘመን ግብጽን የሚገዛው ሱልጣን ሻዕባን ገና ሕፃን ነበረ፤ ሥልጣኑም ያልቡጋ በሚባል መስፍን እጅ ነበረ። የእስክንድርያም ሹም ወደ መካ ሄዶ በአገሩ አልነበረም። ሠራዊቱ ጥቅምት 9 ቀን 1365 በባሕሩ ዳር ወረደ፤ በማግሥቱም፥ ይኸውም በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 1358 ዓ.ም.፥ በር ሰብሮ ወደ ከተማው ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ለሕፃናት ስንተርክ በጥንቃቄ ልንተርከው ይገባል፤ ልንሰውረው ግን አይገባም። ወታደሮቹ ክርስቲያኑን፥ እስላሙንና አይሁዳዊውን ሳይለዩ ዘረፉ፤ ብዙ ሕዝብም ገደሉ። ማርከው በመርከብ የወሰዷቸው ሰዎች ወደ 5,000 ይደርሳሉ ሲሉ ጸሓፊዎች ጽፈዋል። ጴጥሮስ ከተማይቱን ይዞ ሊቈይ ወደደ፤ ነገር ግን መርከባቸው በምርኮ የተሞላላቸው ተባባሪዎቹ፥ የካይሮ ሠራዊት መምጣቱን በሰሙ ጊዜ፥ እንቢ አሉት። አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ቈይተው ሄዱ። ስለ ኢየሩሳሌም የተባለው ዘመቻ ኢየሩሳሌምን ሳያይ በዚሁ አለቀ።

በአውሮፓ ግን ወሬው በደስታ ተሰማ። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ ጊዮም ደ ማሾ ስለ እስክንድርያ መያዝ ረዥም ግጥም ጻፈ፤ የጴጥሮስም ስም በየቤተ መንግሥቱ እንደ ጀግና ተጠራ። የሩቅ ሰው ዝናውን ሰማ እንጂ ዕዳውን አልከፈለም።

ዕዳውን የከፈሉት እነማን ናቸው

ዕዳውን የከፈሉት በግብጽና በሶርያ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ንጉሡ በመርከቡ ወደ ደሴቱ ተመለሰ፤ እነርሱ ግን በዚያው ቀሩ። ያልቡጋ በአገሩ ያሉትን ፈረንጆች አሰረ፥ ገንዘባቸውንም ወረሰ፤ የግብጽም ክርስቲያኖች ለምርኮኞቹ መዋጃ ገንዘብ እንዲያወጡ አስገደዳቸው። በኢየሩሳሌም የጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ። የቅዱስ ማርቆስ ልጆች የሆኑት የግብጽ ክርስቲያኖች ለጴጥሮስ ዘመቻ አልመከሩም፥ አልታጠቁም፥ ከምርኮውም አልተካፈሉም። ሆኖም በሃይማኖት ስም ስለ ተባበሩ ብቻ በእርሱ ጥፋት ተቀጡ።

ይህ ነገር ኢትዮጵያን እንዴት እንደሚነካ እንግዴህ ግልጥ ነው። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የነገሡት ዐፄ ሰይፈ አርዕድ (1344–1371) ነበሩ፤ ጳጳሱም ከ1348 ዠምሮ አቡነ ሰላማ ነበሩ፥ እርሳቸውም ብዙ መጻሕፍትን ከዐረብ ወደ ግእዝ ስላስተረጐሙ መተርጕም የተባሉት ናቸው። የኢትዮጵያ ጳጳስ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ከእስክንድርያ መንበር ተሾሞ ይመጣ ነበር። መንገዱም በግብጽ መንግሥት እጅ ነበረ፤ ሱልጣኑ ሲቈጣ መንገዱ ይዘጋል፥ ሲበርድለት ይከፈታል። በኢየሩሳሌም የሚኖሩ የኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎችም በዚሁ መንግሥት ጥላ ሥር ነበሩ። ስለዚህ በግብጽ ክርስቲያኖች ላይ የወረደ መከራ ሁሉ ለኢትዮጵያ የቤት ኀዘን ነበረ።

የኢትዮጵያ ነገሥታትም ለግብጽ ክርስቲያኖች ዝም አላሉም። ዐፄ ሰይፈ አርዕድ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ታስረዋል ሲባል በግብጽ ነጋዴዎች ላይ እንደ ተቈጡ ይነገራል። ልጃቸው ዐፄ ዳዊት ግን በ1387 ለሱልጣን በርቁቅ ብዙ ግመል የተጫነ ገጸ በረከት ልከው ዕርቅ አደረጉ። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በግብጽ ያለው የደብረ ምጥማቅ ገዳም መፍረሱን በሰሙ ጊዜ በተጕለት በዚያው ስም ደብር ተከሉ፤ በ1443ም ለሱልጣን ጀቅመቅ ደብዳቤ ላኩ። በደብዳቤያቸውም በመንግሥታቸው የሚኖሩት እስላሞች በሰላም መኖራቸውን አስታውሰው በግብጽ ያሉት ክርስቲያኖችም እንዲሁ እንዲጠበቁ ጠየቁ። ሱልጣኑ እጅ መንሻ መለሰ እንጂ የጠየቁትን ሁሉ አልፈጸመም። ስለዚህ ደብዳቤ ሁልጊዜ ይረታል ብለን አንናገርም። ነገር ግን ደብዳቤ የጻፈ ንጉሥ በሌላ ቀን ሌላ ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል፤ በእስክንድርያ የሞተውን ግን ማንም አያስነሣውም።

የጴጥሮስ አሟሟትና የሉዚኛን መንግሥት ፍጻሜ

ጴጥሮስ ከእስክንድርያ በኋላ ገንዘቡ አለቀ፥ ጠባዩም ከፋ። ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ሄዶ እርዳታ ቢለምን አላገኘም። ወደ ቤቱ ቢመለስ በሚስቱ በንግሥት ኤልዮኖራ ላይ የሚወራ ወሬ ቈየው፤ እርሱም ሌላ ሴት ነበረችው። ከዚያም መኳንንቱን እየጠረጠረ ያለ ሸንጎ ፍርድ ያስር ዠመር። ዜና ጸሓፊው ሌዎንጥዮስ ማኬራስ እንደ ጻፈው የመጨረሻው ጠብ የተነሣው በአዳኝ ውሾች ነው። የንጉሡ ልጅ የአንዱን መኰንን ውሾች ወደደ፤ ባለቤቱ አልሰጥም ባለ ጊዜ ንጉሡ እርሱንና ልጆቹን አዋረደ። መኳንንቱም ይህን የሕግ መፍረስ አድርገው ቈጠሩት። ጥር 17 ቀን 1369 በማለዳ ወደ እልፍኙ ገብተው በአልጋው ላይ ገደሉት። በባሕር ማዶ ሕግና ሃይማኖት አስከብራለሁ ያለው ንጉሥ በገዛ ቤቱ ሕግ ስላላከበረ ጠፋ። ገዳዮቹም ቢሆኑ ሕግን እናድናለን ብለው ያለ ፍርድ ገደሉ፤ ስለዚህ አገሩን አላዳኑም።

ከዚያ ወዲያ የመንግሥቱ ነገር እየወደቀ ሄደ። ከግብጽ ጋራ ዕርቅ የሆነው በ1370 ነው። በልጁ በሁለተኛው ጴጥሮስ ዘመን በ1373 የጄኖቫ ሰዎች ፋማጉስታን ወሰዱ፤ ዘጠና ዓመት ያህልም ያዟት። በ1426 ደግሞ የግብጽ ሠራዊት በመርከብ መጥቶ በኪሮኪትያ ድል አደረገ፤ ንጉሥ ያኑስንም ማርኮ ወደ ካይሮ ወሰደው። እርሱም በብዙ ወርቅ ተዋጀ፥ መንግሥቱም ለሱልጣኑ በያመቱ የሚገብር ሆነ። እስክንድርያ ከተዘረፈች ከስሳ አንድ ዓመት በኋላ የዘራፊው ወገን በካይሮ አደባባይ በምርኮ ታየ።

ንጉሥ ሁለተኛው ያዕቆብ ካተሪና ኮርናሮ የምትባል የቬኔዝያ ልጅ አግብቶ በ1473 ሞተ። ሕፃኑ ልጁም በሚከተለው ዓመት ሞተ። ካተሪና ብቻዋን ነግሣ ቈይታ በ1489 ደሴቲቱን ለቬኔዝያ አስረከበች። የሉዚኛን መንግሥት በዚሁ አበቃ። በቬኔዝያ ዘመን በኒቆስያ የኢትዮጵያውያን ማኅበር እንደ ነበረ ይታወቃል። በ1571 ደሴቲቱ በቱርኮች እጅ ገባች፤ በ1878 እንግሊዞች ተረከቧት፤ በ1960ም ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ሆነች።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን

ስለ ጴጥሮስ የሚፈርድ ሰው ሁለቱን ነገር ለይቶ ይፍረድ። ጴጥሮስ ደፋር ነበረ፥ ያሰበውንም ለመፈጸም ደከመ፤ ይህ አይካድም። ጥፋቱ ግን የሚመጣውን ሳይመዝን መነሣቱ፥ ይልቁንም በሌላ አገር ለሚኖሩት ወንድሞቹ አለማሰቡ ነው። በሩቅ የሚመታ ሰው የመልሱን ምት የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ያልቡጋም የሠራው ጥፋት ሊዘነጋ አይገባም። ያጠፋውን ሰው ባያገኘው ጊዜ ያላጠፋውን ጎረቤት ቀጣ። ይህ በሽታ የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ሃይማኖት አይደለም፤ በየዘመኑ በየሕዝቡ ይነሣል። የጋሞ አገር ሽማግሎች ግን መድኀኒቱን ያውቁታል። በ2018፥ በኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር፥ በሌላ ስፍራ ስለ ተገደሉት ወገኖቻቸው የተቈጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ሊበቀሉ በወጡ ጊዜ፥ ሽማግሎቹ ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበርክከው ለመኗቸው። ወጣቶቹም የአባቶችን ሣር ተራምደው ማለፍ ነውር መሆኑን ያውቃሉና ተመለሱ። በሩቅ በተሠራ ጥፋት የቅርብ ጎረቤት ሳይቀጣ ቀረ። ለእስክንድርያና ለካይሮ በ1365 የጐደላቸው ይህ ነበረ።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ታሪክ በምታስተምሩበት ጊዜ አስቀድማችሁ የቆጵሮስን፥ የእስክንድርያንና የኢየሩሳሌምን ስፍራ በሰሌዳ ላይ ሥላችሁ አሳዩ። ከዚያም ልጆቹን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፤ ንጉሡ አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ? ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? አንተ በዚያ ሸንጎ ብትኖር ምን ትናገር ነበር? መልሱን ቸኵላችሁ አትስጧቸው፤ ተራ በተራ ይናገሩ፥ አንዱም ሌላውን ይስማ። የሚቻልም ቢሆን በዚያ ቀን ከመንደሩ ሽማግሎች አንዱን ጋብዛችሁ የሣሩን ሥርዐት ትርጓሜ ለልጆቹ እንዲነግሯቸው አድርጉ።